ባለቤቱ ለቆት የሄደ የጅማ ቤት እንዴት ይሸጣል?

ጥያቄው ባጭሩ፦ «እኔና ባለቤቴ በሥራ ምክንያት ከጅማ ወደ አዲስ አበባ ከተዛወርን ዘጠኝ ወር ሆነን። ቦሳ ቂጦ ያለው ቤታችን እንደተቆለፈ ነው። ዋናው ቤት ጭቃ ሆኖ በሲሚንቶ የተለሰነ ሲሆን ከጓሮው ሁለት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ አለው። ቦታው በካርታው 250 ካሬ ነው። በክረምቱ ሳሎኑ ሻግቷል፣ ግድግዳውም ተሰንጥቋል። ደላላው ቁልፉን ስጡኝ፣ ቀለም አስቀቡት ይላል። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ እስኪሸጥ እናከራየው ይላል። ለወንድሜ ውክልና ሰጥተን እዚሁ ሆነን መጨረስ እንችላለን?»

መልስ፦

ይቻላል፤ ቅደም ተከተሉን ካልገለበጡት። ደላላው ከቀለም ጀመረ፣ ወንድምዎ ከኪራይ። መጀመሪያ መነካት ያለበት ግን የካርታው ፋይል ነው፤ ቀጥሎ ጣሪያውና ቦዩ። ቀለሙ መጨረሻ ላይ ይደረስበታል። ኪራዩን ጭራሽ ባይነኩት ይሻላል፤ ምክንያቱን ወረድ ብዬ እመጣበታለሁ።

ገዢ ቤት አይቶ ከወደደ በኋላ የሚያነሳው የመጀመሪያ ጥያቄ «ካርታው ንጹሕ ነው ወይ?» የሚል ነው። ስለዚህ ወንድምዎ የካርታውን ኮፒና ረጅም ሜትር ይዞ አራቱን ጎን ይለካ። የእንጨት አጥር ሲታደስ ግማሽ ሜትር ገባ ወጣ ማለት የተለመደ ነው፤ በ20 ሜትር ርዝመት ላይ ግማሽ ሜትር ማለት ግን 10 ካሬ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ለስም ዝውውር መጥቶ 240 ካሬ ካገኘ ፋይሉ እዚያው ይቆማል። ልዩነት ካለ ጎረቤቱን አሁን፣ ገዢ በሌለበት፣ ያነጋግሩት። ቤቱ ሊሸጥ መሆኑ ከተሰማና ቀብድ ከተቀበላችሁ በኋላ ያው ጎረቤት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

ከአጥሩ የበለጠ የሚያሳስበኝ ሰርቪሱ ነው። በግንባታ ፈቃድ ነው የተሠራው? በፋይሉ ፕላን ላይ ይታያል? በባንክ ብድር የሚገዛ ሰው ከመጣ የባንኩ ገማች አብዛኛውን ጊዜ በወረቀት ላይ የሌለን ግንባታ ለመያዣ አይቆጥርም፤ በዚህ ሰበብ ገዢው የተስማማበትን ዋጋ ይዞ መጥቶ ዝቅ አድርጎ ይወጣል። ፕላኑ ላይ ከሌለ የማስተካከያ መንገዱን ማዘጋጃ ቤት ጠይቁ። የማይስተካከል ከሆነ ገና ከጅምሩ ለገዢው ይነገረው፣ በውሉም ላይ ይጻፍ። ተደብቆ የሚያልፍ ነገር አይደለም፤ ብሎኬቱ ቆሞ ይታያላ።

ስለ ቦታው አንድ ነገር ይወቁ። የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት አይሸጥም። ቦታችሁ ነባር ይዞታ (ከሊዝ ሥርዓቱ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተገኘ) ከሆነ ደግሞ በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከውርስ ውጭ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ እንዲይዝ ይደነግጋል። የመኖሪያ ሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው። ገዢው በየዓመቱ የሚከፍለውን ሊዝ አስልቶ ከእናንተ ዋጋ ላይ ሊቀንስ ይሞክራል፤ ስለዚህ ለእናንተ አካባቢ ስንት እንደሚታሰብ ቀድማችሁ ማዘጋጃ ቤት ጠይቃችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ጠብቁት። የዘንድሮ የቤትና የቦታ ግብር ደረሰኝ፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ ዕዳና እገዳ የሌለበት መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ፤ እነዚህ በአንድ ፖስታ ይቀመጡ።

ወደ ውክልናው። ቤቱ የጋራ ሀብት እስከሆነ ድረስ ካርታው በአንዳችሁ ስም ቢሆን እንኳ የሁለታችሁም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ሁለታችሁም ውክልና ሰጪ ሆናችሁ ትፈርማላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 2204 ጀምሮ እንደተጻፈው ጠቅላላ ውክልና ማስተዳደርን እንጂ መሸጥን አይጨምርም። ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «በማናቸውም ጉዳዬ ላይ እንደ እኔ ሆኖ» የሚል ወረቀት ይዞ ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ትርፉ የመኪና ብር ነው። በውክልናው ላይ የቤት ቁጥሩ፣ የካርታ ቁጥሩ፣ ቀበሌውና የቦታው ስፋት ይጠቀሱ። ሥልጣኑም ተዘርዝሮ ይጻፍ፦ የሽያጭ ውል መፈራረም፣ ማዘጋጃ ቤትና ገቢዎች ቀርቦ ስም ማዛወር፣ ግብርና ክፍያ መፈጸም፣ የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ማዛወር። ገንዘብ መቀበል ግን አይግባ፤ በምትኩ ክፍያው በእናንተ ስም ወዳለው የባንክ ሒሳብ እንደሚገባ የሒሳብ ቁጥሩ ተጠቅሶ ይጻፍ። ይህ ወንድምን ካለማመን የሚመጣ ነገር አይደለም፤ ነገ «ስንት ተቀበልክ» የሚል ጭቅጭቅ እንዳይነሳ ለእሱም መከላከያው ነው። የምትቀበሉትን ዝቅተኛ ዋጋ ውክልናው ላይ አትጻፉት፤ ሰነዱን ገዢው ያየዋል።

ሁለት ነገር ልጨምር። ውክልና በሰጪው ሞት ይቋረጣል፤ ከሁለታችሁ አንዳችሁ ላይ የሆነ ነገር ከደረሰ ወንድምዎ በያዘው ወረቀት መፈረም የለበትም። ሌላው ቋንቋው ነው። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ውሉና ቅጹ በዚያ ይዘጋጃል፣ ለአማርኛው ውክልናም ትርጉም ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ወንድምዎ አቀላጥፎ ቢናገርም የሕግ ጽሑፍ ማንበብ ሌላ ነው፤ ከመፈረሙ በፊት በሚያውቅ ሰው ያስነብበው።

አሁን ወደ ቤቱ እንግባ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ ናት፤ ዝናቡም ክረምትን አይጠብቅም፣ ከመጋቢት አካባቢ ጀምሮ ያካፋል። ሰው ባለበት ቤት እሳት ይነድዳል፣ ቡና ይፈላል፣ በር ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል፤ እርጥበቱ መውጫ ያገኛል። የተቆለፈ ቤት የገባበትን ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ሳሎናችሁ የሻገተው በዚህ ነው፤ ቀለም ቢቀባበት በሁለት ወር ውስጥ ሻጋታው ቀለሙን ገፍቶ ይወጣል። በተለይ እርጥብ ግድግዳ ላይ የዘይት ቀለም ከተቀባ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥሮ ይላላጣል፤ ቤት ማየት የለመደ ገዢ ደግሞ አዲስ ቀለም ሲሸተው መጀመሪያ የሚዳብሰው የግድግዳውን ግርጌ ነው።

ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግድግዳው ራሱ ይናገራል። እርጥበቱ ከወለሉ ተነስቶ እስከ ጉልበት ከደረሰና ዞኮሎው አካባቢ ነጭ ጨው መሳይ ዱቄት ካለ ከመሬት ነው። ኮርኒሱ ላይ ቡናማ ክብ ካለና ከዚያ መስመር ሠርቶ ከወረደ ከጣሪያ ነው። በማዕዘንና በቁም ሳጥን ጀርባ ጥቁር ነጠብጣብ ብቻ ከሆነ አየር ማጣት ነው። የእናንተ ሦስቱም ሊሆን ይችላል፤ ሥራው የሚጀመረው ግን ሁሌም ከላይ ነው።

ፀሐይ ባለበት ቀን አንድ ሰው ኮርኒስ ውስጥ ገብቶ መብራት ሳያበራ ቆርቆሮውን ይመልከት። እንደ ኮከብ የሚያበራ ነጥብ ሁሉ ውሃ የሚገባበት ነው። አብዛኛው የምስማር ቀዳዳ ይሆናል፦ ከምስማሩ ራስ ሥር ያለው ጎማ በፀሐይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ ቆርቆሮው በሙቀትና በቅዝቃዜ ሲለጠጥና ሲኮማተር ቀዳዳው ይሰፋል። ያንኑ ምስማር በመዶሻ መልሶ መምታት አይጠቅምም፤ ቀዳዳው ሰፍቷልና ምስማሩ ወፈር ባለና አዲስ ጎማ ባለው ይቀየር። ጣሪያ ላይ የሚወጣው ሰው በምስማሩ መስመር ላይ ብቻ ይርገጥ፤ ሥሩ ሞራሌ ወይም አጠና ያለው እዚያ ነው። በመካከሉ ከረገጠ ሁለት ቀዳዳ ሊደፍን ወጥቶ አራት ከፍቶ ይወርዳል።

ከዚያ አሸንዳው። ቅጠሉ ይጠረግና በወዲያኛው ጫፍ አንድ ባልዲ ውሃ ይፈሰስበት። ውሃው በጠርዙ ከተንጠባጠበ ወይም መሀል ላይ ከቆመ ዝንባሌው ጠፍቷል ማለት ነው። የመውረጃው ቱቦ ጫፍ ግድግዳው ሥር ከሆነ ግን አሸንዳው ባይኖር ይሻል ነበር፤ የጣሪያውን ውሃ ሁሉ ሰብስቦ አንድ ቦታ መሠረቱ ላይ ያፈሰዋል። ቢያንስ አንድ ሜትር ርቆ ቦይ ውስጥ ይግባ። ግድግዳውን ተደግፎ የተከመረ አፈር ወይም የአበባ መደብ ካለ ይዛቅ፤ የመሠረቱ ድንጋይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከአፈሩ በላይ መታየት አለበት። ይህን ሥራ አንድ የቀን ሠራተኛ በአካፋ በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ ለቤቱ ግን ከቀለሙ ሁሉ ይበልጣል።

ጭቃ ላይ የተለሰነ ሲሚንቶ የራሱ ጠባይ አለው። ጭቃው እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ግን አብሮት አይሄድም፤ ይሰነጠቅና ይለቃል። በስንጥቁ የገባ ውሃ መውጫ ስለሌለው ከውስጥ እንጨቱን ያበሰብሳል። ግድግዳውን በጣት መገጣጠሚያ ኳኳ ኳኳ እያደረጉ ይሂዱ፤ ባዶ ጣሳ የመሰለ ድምፅ የሰጠው ቦታ ልስኑ ለቆታል። እዚያ ያለው ይነሳና በተቦካ ጭቃና ጭድ ይመረግ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ ሳሳ ባለ ልስን ይጨረስ። «ይጠንክር» ብሎ ሲሚንቶ ማብዛት ያንኑ ስህተት መድገም ነው። በዚያው አጋጣሚ ምሰሶዎቹ ከመሬት በሚገናኙበት ቦታ በካቻቢቴ ይወጉ። ካቻቢቴው ሳይታገል ከገባ ወይም ግድግዳው ላይ እርሳስ የሚያህል የአፈር መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ከታየ ምስጥ ገብቷል። የተበላ ምሰሶ መቀየር ከባድ ሥራ ስላልሆነ ሳትሸጡ አስቀይሩት፤ ምስጥ ገዢን የሚያስፈራውን ያህል ወጪው አያስፈራም።

ስንጥቁን በተመለከተ፣ ብዙው የጅማ ሜዳማ ክፍል ክረምት የሚያብጥ፣ በጋ የሚሰነጠቅ ጥቁር ሸክላ አፈር ነው፤ ቤቱም አብሮ ይነሳል ይወርዳል። ከመስኮት ማዕዘን በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካያችሁ ምንጩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ መሠረቱ አጠገብ የሚያፈስ ሮቶ ወይም ሥሩን የሰደደ ባሕር ዛፍ ካለ ይብሳል። ስንጥቁ ቆሟል ወይስ እየሄደ ነው የሚለውን ለማወቅ ርካሹ ዘዴ ጄሶ ነው። ጣት በሚያህል ስፋት ስንጥቁን አቋርጦ ይለጠፍና ቀኑ በእርሳስ ይጻፍበት። በሁለት ሦስት ወር ካልተሰበረ ቆሟል፤ ገዢውንም ወስዳችሁ ቀኑን ታሳዩታላችሁ። ከተሰበረ ግንበኛ ወይም መሐንዲስ ሳያየው አትድፈኑት። የተደፈነ ስንጥቅ ሲከፈት የሚያሳማው ሻጩን ነው።

ውሃው ከቆመ በኋላ ሻጋታው አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ ተበጥብጦ ይታጠብ፣ መስኮት ተከፍቶ፤ በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር መቀላቀል አደገኛ ነው። ከዚያ ቢያንስ ሦስት አራት ሳምንት ይድረቅ። የጭቃውን ቤት ኖራ ወይም ተራ የውሃ ቀለም ይበቃዋል። ወጥ ቤት ማሳመር፣ ሴራሚክ ማንጠፍ፣ ኮርኒስ መቀየር ውስጥ አትግቡ። በዚህ ዓይነት ቤት ላይ ገዢው አብዛኛውን የሚከፍለው ለአድራሻው ነው፤ ምናልባትም ወደፊት አፍርሶ ሊሠራበት ነው የሚያስበው። ያወጣችሁት አይመለስም።

ባዶ ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ ወንድምዎ በሳምንት ሁለት ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ይቀመጥ፤ ዝናብ ባለበት ቀን መክፈት ትርፉ እርጥበት ማስገባት ነው። ዋናው የውሃ መዝጊያ ይዘጋ፣ ሮቶው ይደፋ፣ ቧንቧዎቹ ተከፍተው የቀረው ውሃ ይውጣ፤ አለዚያ አንድ የላላ ቧንቧ ማንም ሳያይ ሳምንት ሙሉ ይፈስሳል። መጸዳጃውና የሻወሩ ወለል ማፍሰሻ ላይ ግን በየሁለት ሳምንቱ አንድ ጆግ ውሃ ይጨመር። እዚያ የሚቆመው ውሃ ከደረቀ የሴፕቲኩ ሽታ ወደ ቤት ይገባል፤ ገዢም በሩ ላይ ሆኖ ይመለሳል። ለእንግዳ ብሎ ቡና መቁላት ደስ ይላል፣ ይህን ግን አይሸፍነውም። በመንገድ በኩል ባለው መስኮት መጋረጃ፣ ሳሎን ውስጥ አንድ ጠረጴዛና ጥቂት ወንበር፣ አንድ ክፍል ውስጥ አልጋ ይተው፤ ዕቃ የሌለው ክፍል ጠብቦ ይታያል። ሣሩ ይታጨድ። የዕድር መዋጮውንም አታቋርጡ፤ ግቢውን ከማንም ዘበኛ በላይ የሚያየው ጎረቤት ነው።

ኪራይ ለምን አይሆንም ላልሁት፦ በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ተፈጻሚ በሚሆንበት ከተማ የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቤቱ ስለተሸጠ ብቻ ተከራዩን ነገ ውጣ ማለት አይቻልም። ተከራይ ያለበትን ቤት የሚገዛ ሰው ይህን አስቦ ዋጋ ይቀንሳል፣ ወይም ይተወዋል። በዚያ ላይ ለመኖሪያነት ብቻ ያገለገለ ቤትና ሲከራይ የቆየ ቤት ገቢዎች ዘንድ እኩል አይታዩም። ሰው ይኑርበት ካላችሁ ዘመድ በነጻ ይግባ፤ በነጻ መግባቱንና ሲጠየቅ እንደሚለቅ ግን በወረቀት ይፈርም።

ለደላላው ቁልፍ አይሰጥም። ቁልፉ ወንድምዎ ጋ ይሁን፣ ገዢ ሲመጣ ይደወልለት። ዋናው ካርታ ደግሞ ከእናንተ እጅ አይውጣ፤ ለማሳየት የሚሰጠው ኮፒ ላይ «ለማሳያ ብቻ» ተብሎ ጽሑፉን አቋርጦ ይጻፍበት። ባለቤቱ ሌላ ከተማ ያለ ቤት ለሐሰተኛ ውክልና የተመቸ ነው። ሌላው መጠንቀቅ ያለባችሁ «እናንተ የምትፈልጉትን ቁረጡልኝ፣ ከዚያ በላይ ያለው የኔ» ከሚል ስምምነት ነው። ደላላው በላዩ ላይ ቆልሎ ይጠራል፣ ቤቱ «ውድ ነው» ተብሎ ስሙ ይወጣና ወራት ይቀመጣል። ኮሚሽኑ በመቶኛ ይሁን፣ በጽሑፍ ይሁን፣ የሚከፈለውም ውሉ በተፈረመ ዕለት ይሁን።

ዋጋ ስታወጡ የሚጠሩትን ሳይሆን የተሸጡበትን ዋጋ ጠይቁ፤ በዚያው በቦሳ ቂጦ፣ መኪና የሚያስገባውንና የማያስገባውን ለይታችሁ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለሁለት ነገር ይመቻል፦ ግድግዳው ደረቅ ነው፣ የቡና ገንዘብም ከተማ ውስጥ ይዘዋወራል። አሁን ጣሪያና ቦዩን ሠርታችሁ ለዚያ ብታደርሱት ሐምሌ ላይ ጭቃ ረግጦ ከሚመጣ ገዢ ጋር አትከራከሩም።

ገዢ ሲገኝ በመንደር ውል ብቻ አትቀጥሉ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በአዋዋይ ፊት መደረግ አለበት። ቀብድም ጨዋታ አይደለም፦ በቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ካፈረሰ ቀብዱ ይቀርበታል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ የሁለታችሁም ውክልና ጅማ ሳይደርስ፣ የካርታውም ነገር ሳይጠራ ቀብድ አትቀበሉ። የስም ማዛወሪያ ወጪዎቹን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ በስም ይለያዩ፤ የቴምብር ቀረጡ ብቻ በ1990 አዋጅ የዋጋው 2 በመቶ ነው፣ የማዘጋጃ ቤቱ ክፍያ በላዩ አለ። «ግብሩ እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዝቅ አድርገን እንጻፍ» የሚል ገዢ ይመጣል። እምቢ በሉት፦ ማዘጋጃ ቤቱ በራሱ ግምት ሊያሰላው ይችላል፣ ውሉ ቢፈርስ ደግሞ በሕግ መጠየቅ የምትችሉት የተጻፈውን ነው።

ክፍያው በባንክ ይሁን። ገዢው ሲፒኦ ካመጣ ወንድምዎ ከመፈረሙ በፊት ሰነዱን ያወጣው ባንክ ሄዶ ያስረጋግጥ፤ ፎቶውን በቴሌግራም መላክ ማረጋገጫ አይደለም። ገዢው ስሙ እስኪዛወር የተወሰነ ብር ልያዝ ማለቱ ተገቢ ነው፤ መጠኑና የሚለቀቅበት ቀን ግን ውሉ ላይ ይጻፍ፣ ቁልፉም እስከዚያ እናንተ ጋ ይቆይ።

ርክክቡ ዕለት ወንድምዎ የመብራትና የውሃ ቆጣሪዎቹን ቁጥርና ያኔ የሚያነቡትን አሃዝ በወረቀት ጽፎ ሁለቱም ይፈርሙበት፣ በስልክም ፎቶ ያንሳ። በስማችሁ የቀረ ቆጣሪ ላይ አዲሱ ባለቤት የሚያጠራቅመው ዕዳ ከዓመት በኋላ የሚፈልገው እናንተን ነው።